ልጅ በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ልጁ ጣቢያ ነው ያለው፤ ምን ይዤ ልሂድ? ማንን ልጠይቅ?» ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው አንዳንዴ እናት ናት፣ አንዳንዴ ከገጠር የመጣውን የወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ አጎት፣ አንዳንዴም መናኸሪያ አካባቢ የሚሠሩትን ልጆች በስም የሚያውቅ የሰፈር ሰው ነው። አብዛኛው መልስ የሚጀምረው ከልጁ ዕድሜ ነው። ዕድሜው በወረቀት ተደግፎ በቶሎ መቅረብ አለበት። መጀመሪያ ቀን መዝገብ ላይ «18» ተብሎ የተጻፈ ዕድሜ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዐቃቤ ሕግ ወደ ችሎት እየተገለበጠ ይሄዳል። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ ሊቆይ ይችላል።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- የልጁ ዕድሜ ማስረጃ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ። ከአንድ በላይ ከተገኘ ሁሉንም ያዙ። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ አስነሡ፤ ዋናውን ለማሳየት እንጂ ለመስጠት አትያዙ።
- የእናንተ መታወቂያ። ወላጅ ካልሆናችሁ ልጁ ከእናንተ ጋር እንደሚኖር የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፤ የሞግዚትነት ውሳኔ ካላችሁ እሱንም።
- ልጁ ተማሪ ከሆነ የዘንድሮ ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ።
- የሚወስደው መድኃኒት ካለ መድኃኒቱና የሕክምና ካርዱ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። የምታነጋግሩትን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት የምትጽፉበት።
- ምግብና ልብስ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ብርድ ልብስ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ልጅ ይታመማል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብትልም ሌሊቱን አትናቁት።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ዕድሜውን አስሉ

የሚቆጠረው ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። የተያዘበት ወይም ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን አይደለም። የወንጀል ሕጉ (1996) ልጆችን በሦስት ይከፍላል።

ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ጉዳዩ የቤተሰብ፣ የትምህርት ቤት ወይም የአሳዳጊ ነው፤ ጣቢያ የሚያቆይበት ምክንያት የለም።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው (አንቀጽ 53) ሊጠየቅ ይችላል፤ ግን የአዋቂ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞችም ጋር አይታሰርም። ሥነ ሥርዓቱም የተለየ ነው፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 171 ጀምሮ ተቀምጧል።

ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው (አንቀጽ 56) ክሱ በመደበኛው መንገድ ይሄዳል። ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣት ፈጽሞ አይጣልበትም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት 18 ያልሞላውን ሁሉ ሕፃን ስለሚል (አንቀጽ 1) እሱም ከአዋቂዎች ተለይቶ መያዝ አለበት (አንቀጽ 37)።

ስሌቱን በወርና በቀን ሥሩት። ጥር 12 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 አደረገ የተባለው ነገር ላይ ዓመት ብቻ ከቀነሳችሁ 15 ይመጣል። በትክክል ሲሰላ ግን 14 ዓመት ከ11 ወር ከ8 ቀን ነው። 22 ቀን ቀርቶታል፤ ያ 22 ቀን የሚሄድበትን ሥነ ሥርዓት በሙሉ ይለውጠዋል።

የዘመን አቆጣጠሩንም ተመልከቱ። የሕክምና ወረቀት አንዳንዴ በፈረንጅ ይጻፋል። ዓመቱን ወደ እኛ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ቀንሱ። ሁለት ወረቀት በሁለት አቆጣጠር ተጽፎ ሳይብራራ ከቀረበ መርማሪው «ማስረጃው ይጋጫል» ብሎ ሁለቱንም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ስለዚህ ኮፒው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተለወጠውን ቀን ጻፉበት።

የልደት ቀኑ የጠፋበት ወረቀት ዋጋ የለውም ብላችሁ አትጣሉት። የክትባት ካርድ ላይ የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት የሚሰጠው በ6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። ክርስትና ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ከክርስትና ወረቀትም የልደቱ ቀን ይወጣል። የሙስሊም ቤተሰብ እንዲህ ያለ ወረቀት ስለማይኖረው የክትባት ካርዱና የአንደኛ ክፍል ምዝገባው ይበልጥ ይጠቅሙታል። በ2014ቱ ጦርነት በሁለቱም ከተሞች ጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች ስለተዘረፉ የድሮ መዝገብ ካልተገኘ፣ አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተቋሙ ጠይቁና ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁ ከተያዘ በኋላ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻውን ሲቀርብ ጥርጣሬ ያስነሣል። ከጉዳዩ በፊት ከተጻፈ ወረቀት ጋር አያይዙት። የቆየ ወረቀት የሚታመነው ሲጻፍ ማንም ስለ ክስ ያላሰበበት ስለሆነ ነው።

ደረጃ 1። የት እንዳለ እወቁ፤ ሰዓቱን ጻፉ

መጀመሪያ በተያዘበት አካባቢ ወዳለው ጣቢያ ሂዱ፤ ከሌለ ወደ ከተማው ፖሊስ መምሪያ። የተያዘበትን ሰዓት ከልጁም፣ አብሮት ከነበረ ሰውም፣ ከፖሊስም ጠይቃችሁ ጻፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ የሚነሣው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት የተያዘ ልጅ እሑድ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይሞላዋል። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» የሚል ነገር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ተረኛ ዳኛ መኖሩን ጠይቁ።

ከዚያ ለመርማሪው እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በእርጋታ አቅርቡ፦ በምን ተጠረጠረ? ማን አመለከተ? የምርመራ መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? መዝገቡ ላይ ዕድሜው ስንት ተብሎ ተጻፈ? የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል ያውቀዋል ወይ? አራተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ። ልጆች ራሳቸው «18 ነኝ» የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው፦ ቤተሰብ እንዳይጠራ ፈርተው፣ ወይም ኮምቦልቻ ፋብሪካና ግንባታ ሥራ ለመግባት ዕድሜ ጨምረው መታወቂያ ስላወጡ። እንዲህ ያለ መታወቂያ ኪሱ ከተገኘ መደበቁ አይጠቅምም። የክትባት ካርዱን አቅርቡና መታወቂያው ለሥራ ተብሎ የወጣ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 2። የዕድሜ ማስረጃውን በደብዳቤ አስገቡ

በቃል «ልጄ እኮ ሕፃን ነው» ማለት መዝገብ ውስጥ አይገባም። በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖርበት ጠይቁ። አልፈርምም ካለ ከሰጣችሁ በኋላ ወዲያው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንደተቀበለ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ራፖር ጻፊዎች ሊጽፉላችሁ ይችላሉ፤ ግን ፍሬ ነገሩ ይህን ያህል አጭር ይሁን፦

«ልጄ (ሙሉ ስም) ከ(ቀን) (ሰዓት) ጀምሮ በጣቢያው ተይዞ ይገኛል። የተወለደው (ቀን) ሲሆን ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን ዕድሜው (ዓመት፣ ወር) ነበር። ማስረጃውን በ(ብዛት) ገጽ አያይዣለሁ። ይኸው ዕድሜ በምርመራ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር፣ ልጁ ከአዋቂ ተጠርጣሪዎች ተለይቶ እንዲቆይ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 172 መሠረትም በአስቸኳይ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አመለክታለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከ9 እስከ 15 ላለ ልጅ ነው። ከ15 በላይ ለሆነው ቁጥር 172ን አውጡና «በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ» በሉ። ደብዳቤው ላይ ልጁ አደረገ ወይም አላደረገም የሚል ቃል አታስገቡ።

ምንም ወረቀት ከሌለ ፍርድ ቤቱ የዕድሜ ምርመራ እንዲያዝ ጠይቁ። ሆስፒታል የእጅ አንጓ ራጅና ጥርስ አይቶ ግምት ይሰጣል። ግምቱ የሚመጣው ለምሳሌ «ከ16 እስከ 18» ተብሎ ነው፤ ትክክለኛ ቀን አይነግርም። በቂ ምግብ ሳያገኝ ያደገ ልጅ አጥንቱ ከዕድሜው ወደኋላ ሊቀር፣ ግምቱም ከወረቀቱ ጋር ሊጋጭ ይችላልና ወረቀት ካላችሁ ምርመራውን ራሳችሁ አትጠይቁ።

ደረጃ 3። የት እንደሚያድር ተከታተሉ

ልጁን በአካል ማየት መብታችሁ ነው፤ የተያዘ ሰው በቅርብ ዘመዱ፣ በሐኪሙ፣ በሃይማኖት አባቱና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21)። ስታዩት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ከእነማን ጋር ነው የምታድረው? የመታህ ሰው አለ? ጥያቄውን ፖሊስ አጠገብ ሆኖ መመለስ ከፈራ ፊቱን፣ እጁንና አካሄዱን ተመልከቱ።

ብዙ ጣቢያ ለልጆች የተለየ ክፍል የለውም። «ክፍል የለንም» ከተባላችሁ ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ የሚያዋጣው ልጁ ከጣቢያው እንዲወጣ መጠየቅ ነው። ከ9 እስከ 15 ያለ ልጅ በአቅራቢያው ወዳለ ወረዳ ፍርድ ቤት ወዲያውኑ መወሰድ አለበት፤ የሚወስደውም ፖሊስ ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም አመልካቹ ራሱ ሊያቀርበው ይችላል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ፖሊስ ከዘገየ ራሳችሁ ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ልጁ ተይዞ ያለ መሆኑን በጽሑፍ አመልክቱ። ፍርድ ቤቱም ፖሊስ ምርመራውን እንዴት ማካሄድ እንዳለበት መመሪያ የመስጠት ሥልጣን አለው።

ሴት ልጅ ከሆነች ከወንዶች ተለይታ በሴት ፖሊስ መጠበቋን አረጋግጡ፤ ፍተሻም በሴት ይሁን።

ደረጃ 4። ቃል ሲሰጥ

ልጁ ያለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። እናንተ ወይም ጠበቃ በሌላችሁበት ቃል እንዳይቀበሉት በደብዳቤያችሁ ላይ ጨምራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለልጁ የምትነግሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ያልገባህን ጥያቄ አትመልስ፣ ያልተነበበልህ ላይ አትፈርም፣ ያላየኸውን አየሁ አትበል። ምን እንደሚል አታስጠኑት። ልጅ ያጠናውን በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይረሳዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንም የሚያምነው አያገኝም።

ኮምቦልቻ መተላለፊያ ከተማ ስለሆነች ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከአፋር በኩል የመጡ አማርኛ በደንብ የማይሰሙ ልጆች ይያዛሉ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚከራከርበት አማርኛ ለምርመራ አይበቃም። ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ላይ ወጪው የመንግሥት ነው (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20)። አስተርጓሚው የከሳሹ ዘመድ ወይም አብሮ የተያዘ ሰው አይሁን።

ስለ ዕርቅ ደግሞ። በወሎ ነገር ሲበላሽ አበጋር ወይም ሽማግሌ ይገባል፤ መልካም ነው። ግን ሁሉም ወንጀል በዕርቅ አይዘጋም፦ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚከሰሱት ሊቀሩ ይችላሉ፣ ሌሎቹ ላይ ዕርቁ ቅጣት ለማቅለል ይረዳል እንጂ ክሱን አያቆምም። ትልቁ ስሕተት የዕርቅ ወረቀቱ ላይ «ልጃችን ስልኩን ሰርቆ ስለነበር ብር ከፍለናል» ብሎ መጻፍ ነው። ያ ወረቀት ነገ ከክሱ ጋር ተያይዞ ይመጣል። ካስፈለገ «ለሰላም ስንል ይህን ያህል ከፍለናል፤ ይህም ጥፋትን ማመን አይደለም» ይባል።

ደረጃ 5። ፍርድ ቤት

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፤ የቀጠሮ ሰሌዳውን እዩ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ከ9 እስከ 15 ባለ ልጅ ጉዳይ የሚከተሉትን ጠብቁ፤ ካልተደረገም ዳኛውን በትሕትና አስታውሱ።

ጉዳዩ በዳኛው ጽሕፈት ቤት በዝግ ይሰማል፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ፣ ምስክር፣ ባለሙያና የልጆችን ደኅንነት የሚከታተል ድርጅት ተወካይ ካልሆነ በቀር ሌላ ሰው አይገባም (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 176)። ዘመድ አዝማዱን ይዛችሁ አትግቡ። ልጁን የሚጎዳ ነገር ሲነገር እሱም እንዲወጣ ይደረጋል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌለው ከሆነ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድባል (ቁጥር 174)። ስለዚህ የጎዳና ልጅ ይዞ የመጣ ሰው «ወላጅ የለውም» ብሎ በግልጽ መናገሩ ለልጁ ይበጃል። ከዚያ ውጭ ከሆናችሁ የፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ቤት አለውና ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ።

ቀጠሮ ከተሰጠ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉም ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው ይሰጣል (ቁጥር 172)። ይህ የገንዘብ ዋስትና አይደለም፤ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁት እንድትቀርቡ ኃላፊነት መውሰዳችሁ ነው። አንድ ቀን መቅረት ልጁን መልሶ ያስይዘዋል። ሥራ ካላችሁ ሁለተኛ ሰው ከወዲሁ አዘጋጁ።

ከ15 በላይ ለሆነው መደበኛው ዋስትና ነው። ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ተጎጂውም ሊሞት ይችላል የሚል ሥጋት ከሌለ መጠየቅ ይቻላል። ዳኛው የሚያስበው ይጠፋል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ የሚለውን ነው፤ ስለዚህ የመኖሪያ አድራሻ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና የዋሱን የደመወዝ ማስረጃ አቅርቡ። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። «ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያልተሠራ ሥራ ደግሞ ጊዜ ለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል፤ የደቡብ ወሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያስችለው ደሴ ነው።

ልጁ ተመትቶ ከሆነ የሚነገረው በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። ቁስል በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ልብሱን ከፍቶ ለዳኛው ያሳይ፤ በመዝገብ እንዲሰፍርና ሐኪም እንዲያየው ትእዛዝ እንዲሰጥ ጠይቁ። ደም ያለበትን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል።

ደረጃ 6። ጥፋተኛ ከተባለ

ከ9 እስከ 15 ላለው ዳኛው የሚመርጣቸው እርምጃዎች አሉት፦ ሕክምና ተቋም ማስገባት፣ በተቆጣጣሪ ሰው ሥር ማሳደግ፣ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት መወሰን፣ የጠባይ ማረሚያ ተቋም (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 158 እስከ 162)። የመጨረሻው ከ1 እስከ 5 ዓመት ሲሆን 18 ዓመት ከሞላው በኋላ አይቀጥልም። እንዲህ ያለ ተቋም በየከተማው የሚገኝ አይደለም፤ ዳኛው ከቤት ርቆ ከመላክ ሌላ አማራጭ እንዲያይ አማራጩን በእጁ የምታስገቡለት እናንተ ናችሁ። «እንጠብቀዋለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን ጋር ይኖራል፣ ጠዋት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ትምህርት ቤት ነው፣ ከሰዓት ማን ያየዋል፣ የትኛው መምህር ነው የሚከታተለው የሚለውን አንድ ገጽ ጽፋችሁ መምህሩን ራሱን ይዛችሁ ቅረቡ።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላም ሊለወጥ ይችላል። ልጁ ተሻሽሎ ከሆነ ወይም ያለበት ቦታ ካልተስማማው እሱ፣ ወላጁ ወይም የተረከበው ተቋም ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላሉ (ቁጥር 180)።

ልጁ ተበዳይ ወይም ምስክር ከሆነ

እዚህ ሰዓት ይበልጥ ይከብዳል። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ሳታጥቡ፣ ልብስ ሳትቀይሩ ሆስፒታል ውሰዷት ወይም ውሰዱት፤ ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን። መጀመሪያ ጣቢያ ካልሄዳችሁ አይታከምም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሕክምናውን አስቀድሙ። ልጁን ለጎረቤት፣ ለአክስት፣ ለሽማግሌ ደጋግማችሁ አታስተርኩ፤ በተተረከ ቁጥር ቃሉ ይለዋወጣል፣ የተከሳሽ ጠበቃም የሚይዘው ያንን ነው። ችሎት ላይ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ እንዲመሰክር ዐቃቤ ሕጉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ዋናውን የልደት ወረቀት ለፖሊስ ሰጥቶ መውጣት። ሲጠፋ ምትክ ማውጣት ሳምንታት ይወስዳል።
- ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል ብሎ ልጁን «አምነህ ተገላገል» ማለት።
- ለጉዳይ ገዳይ ገንዘብ መስጠት። መዝገቡ አይንቀሳቀስም፤ ሰጪውም በጉቦ ይጠየቃል።
- የልጁን ፎቶ «ፍትሕ ለልጃችን» ብሎ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ መልቀቅ። በዝግ የሚሰማውን ጉዳይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጁ ነፃ ቢወጣም ፎቶው አይጠፋም።
- አብረው የተያዙ ልጆች ወላጆች አንድ ጠበቃ መያዝ። አንዱ ልጅ በሌላው ላይ ቃል ከሰጠ ጠበቃው ለሁለቱም መቆም አይችልም፤ ቃላቸው የተለያየ መሆኑን እንደሰማችሁ ተለያዩ።
- ልጁ ከተለቀቀ በኋላ መዝገቡ መዘጋቱን አለማረጋገጥ። ከጣቢያ መውጣት ማለት ክሱ ቀረ ማለት አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመዝገብ ቁጥሩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጠይቁ፤ ተዘግቶ ከሆነ የመዝጊያ ውሳኔውን ግልባጭ ውሰዱና ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት።